የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻና የቆሮሶ ዓሣ ርቢ

በመቂና በአካባቢዋ በምናደርጋቸው ስብሰባዎች ሁሉ አንድ ክርክር ሳይነሣ አይቀርም። የዓሣ አጥማጆች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት «ሐይቁን ያጎደለውና ያበላሸው በፓምፕ የሚያለማው አትክልተኛ ነው» ይላሉ። አትክልተኛው በበኩሉ «ዓሣውን የጨረሱት ጫጩቱን ሳይቀር ጠራርገው የሚያወጡት አጥማጆች ናቸው» ሲል ይመልሳል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ከሁለቱ መካከል ቆሞ ለማን እንደሚፈርድ ይቸገራል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በተለይ ለእርሱ፣ እንደዚሁም ለሁለቱም ወገን ማኅበራት ነው።

ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ሁለቱ ወገኖች ሳያውቁት የሚከራከሩት ስለ አንድ ቦታ ነው። የቆሮሶ ዓሣ መብዛትና ማነስ በአብዛኛው የሚወሰነው በሐይቁ መካከል ሳይሆን በዳርቻው፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት እስከ ደረት በሚደርስበትና ፊላና ሸምበቆ በሚበቅልበት ጠባብ ስፍራ ነው። አትክልተኛው ውሃው ሲሸሽ የሚያርሰው፣ ፓምፑን የሚተክለው፣ ከብት ጠባቂው ከብቱን የሚያጠጣው፣ አጥማጁም መረቡን እየጎተተ የሚያወጣው በዚያው ስፍራ ላይ ነው።

ሐይቁ

የዝዋይ ሐይቅ፣ በሌላ ስሙ ደምበል፣ ከባሕር ወለል በላይ 1636 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱን ብቻ ያየ ሰው ጥልቅ ይመስለዋል። ነገር ግን አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቢቆም በአብዛኛው የሐይቁ ክፍል የላይኛው ሰው አይሰጥምም። ሐይቁ ውሃ የሚያገኘው በዋናነት ከጉራጌ ደጋ ተነሥቶ በመቂ ከተማ በኩል ከሚያልፈው ከመቂ ወንዝና ከአርሲ ደጋ ከሚወርደው ከከታር ወንዝ ነው። ትርፉ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢጃታ ሐይቅ ይፈስሳል። ውሃው ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ዝቅ የሚለው ደግሞ ክረምቱ ከመጠንከሩ በፊት በግንቦትና በሰኔ ነው።

ሐይቁ እንዲህ ጥልቀት የሌለው መሆኑ ለዓሣው ትልቅ ነገር ነው። የዳርቻው መሬት በ100 ሜትር ርቀት ውስጥ 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ቢሆን፣ የውሃው ከፍታ በግማሽ ሜትር ሲቀንስ ውሃው 50 ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። በሐይቁ መካከል በታንኳ ለሚሄድ ሰው የግማሽ ሜትር መቀነስ አይታወቀውም። በዳርቻው ላለው ዓሣ ግን ቤቱ ሙሉ በሙሉ ደረቅ መሬት ሆነ ማለት ነው። ፊላው በቆመበት ይቀራል፤ ውሃው ግን ከሥሩ ይለቅቃል። አዲሱ የውሃ ዳር ደግሞ ምንም ያልበቀለበት ጭቃ ይሆናል።

አንድ ዓሣ፣ ሁለት ቤት

ቆሮሶ የሚራባበትን መንገድ ያልተረዳ ሰው የዳርቻውን ጥቅም ሊረዳ አይችልም። ለመራባት የደረሰው ወንድ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ፣ አሸዋማ ወይም ለስላሳ በሆነ መሬት ላይ፣ ሳህን የመሰለ ጉድጓድ ይቆፍርና ሌሎች ወንዶች እንዳይጠጉ ይከላከላል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ከጣለችና ወንዱ ዘሩን ካፈሰሰበት በኋላ እንቁላሉን ለቅማ በአፏ ትይዘዋለች። ከዚያ ወዲያ ወንዱ ድርሻውን ጨርሷል፤ ሥራው ሁሉ የእርሷ ነው። እንቁላሉ በአፏ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም በራሳቸው መዋኘት እስኪችሉ ድረስ፣ እንደ ውሃው ሙቀት፣ በጠቅላላው ለ10 ቀን ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል በአፏ ይቆያሉ። በነዚህ ቀናት እናትየዋ እምብዛም አትመገብም። ከለቀቀቻቸውም በኋላ ለጥቂት ቀናት አደጋ ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች፤ እነርሱም ተግተልትለው ይገባሉ።

ይህ ጥንቃቄ ዋጋ አለው። ቆሮሶ በአንድ ጊዜ የምትይዘው እንቁላል፣ እንደ ሰውነቷ ትልቅነት፣ ከጥቂት መቶ እስከ አንድ ሺህና ከዚያ በላይ ነው። አምባዛ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል በጎርፍ በተሸፈነ ሣር ላይ በትና ትሄዳለች፤ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ቢተርፍ ይበቃታል። ለቆሮሶ እንዲህ ያለ ትርፍ የለም። በአፏ ጫጩት የያዘች አንዲት ቆሮሶ በመረብ ስትያዝ የሚጠፋው አንድ ዓሣ ሳይሆን አንድ ሙሉ ቤተሰብ ነው። ስትጨነቅ ጫጩቶቹን ከአፏ ስለምትተፋም አጥማጁ ምን እንደጠፋ እንኳን አያይም።

ራሳቸውን የቻሉት ጫጩቶች እናታቸውን ተከትለው ወደ ጥልቁ አይሄዱም። በዳሩ፣ ውሃው ሞቅ ባለበትና ጥልቀቱ ጥቂት ጣቶች በሚያህልበት፣ በዕፅዋቱ ሥር ይሰበሰባሉ። ምግባቸውም ከትልቁ ዓሣ የተለየ ነው። በዝዋይ የተደረጉ የምግብ ጥናቶች እንዳሳዩት ትልቁ ቆሮሶ በዋናነት የሚመገበው በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ዋቅላሚ ነው። ጫጩቱ ግን ለሰውነት ግንባታ የሚረዱ ጥቃቅን የውሃ እንስሳትንና የነፍሳት እጮችን ይፈልጋል፤ እነዚህም በብዛት የሚገኙት በዕፅዋቱ መካከል ነው። ስለዚህ ቆሮሶ ሁለት ቤት ያለው ዓሣ ነው ለማለት እንችላለን። የጎልማሳው ቤት ክፍቱ ሐይቅ፣ የልጁ ቤት ደግሞ ዳርቻው ነው። ሁለተኛው ከፈረሰ የመጀመሪያው ባዶውን ይቀራል።

የሽንኩርት ማሳችን

እኛ በሙያችን የሰብል ሰዎች ነን። ለብዙ ጊዜ ሐይቁን የምናየው ለቲማቲምና ለሽንኩርት እንደተዘጋጀ የውሃ ማጠራቀሚያ አድርገን እንደነበር መደበቅ አንፈልግም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ውሃው ሸሽቶ በተወው ጥቁር መሬት ላይ፣ ፊላውን ነቅለን፣ የቀይ ሽንኩርት ሠርቶ ማሳያ አዘጋጀን። መሬቱ ለምና እርጥበት የማያጣው ስለነበር ሽንኩርቱ አማረ፤ ፎቶግራፍ አንሥተን ለበላዮቻችን በኩራት አሳየን። በቀጣዩ መስከረም ውሃው ተመለሰና ማሳውን ዋጠው። ጉዳቱን ለማየት ሱሪያችንን ጠቅልለን ስንገባ አንድ በዕድሜ የገፉ አጥማጅ አብረውን ነበሩ። በቦዮቹ መካከል የገብስ ፍሬ የሚያህሉ ጫጩቶች ወዲያ ወዲህ ሲሉ አየን። «አባባ፣ እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?» ብለን ጠየቅናቸው። «እነሱማ ወደ ቤታቸው ገቡ፤ የመጣችሁትስ እናንተ ናችሁ ልጆቼ» አሉን።

በቤታቸው ግን የሚጠለሉበት ነገር አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ስንመለስ ሳቢሳዎች በማሳው ላይ ተሰልፈው ቆመው ነበር፤ ጫጩት ለማየት ግን አልቻልንም። ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ፊላው ሳይነካ በቀረበት በጎረቤት ዳርቻ፣ ጫጩቱ እንደ ደመና ተከማችቶ ነበር። ይህን እንደ ምርምር ውጤት አናቀርበውም፤ አንድ ማሳ አንድ ማሳ ነው። ነገር ግን በዓሣ ላይ የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ዘንድ ሄደን እንድንጠይቅ ያደረገን እርሱ ነው።

በሌሎች ሐይቆች የታየው

ባልደረቦቻችን በመጀመሪያ የነገሩን ስለ አንድ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ላርጅማውዝ ባስ፣ ማለትም አፈ ሰፊው ባስ፣ የሚባለው አዳኝ ዓሣ በዚያ አገር ሐይቆች ብዙ ጥናት ከተደረገባቸው ዓሦች አንዱ ነው። እርሱም እንደ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ዳር ጎጆ ይሠራል፤ ልዩነቱ እንቁላሉንና ጫጩቱን የሚጠብቀው ወንዱ መሆኑ ነው። ተመራማሪዎች የዕፅዋቱን ብዛት እየለዋወጡ ሲመለከቱ፣ ዕፅዋት በሌለበት ውሃ ጫጩቱ ቶሎ ተበልቶ ያልቃል፤ ዕፅዋቱ እጅግ ሲጠቀጠቅ ደግሞ ትልቁ ዓሣ የሚበላውን አድኖ ለመያዝ ይቸገራል። የተሻለው ዕፅዋትና ክፍት ውሃ የተቀላቀሉበት ዳርቻ ሆኖ ተገኝቷል። ጎጆው ከተሠራ በኋላ ውሃው በድንገት ሲቀንስም እንቁላሉ በደረቅ መሬት ላይ ይቀራል።

ይኸው ዓሣ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ወደሚገኘው ናይቫሻ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1929 ዓ.ም. ገብቷል። ናይቫሻ በብዙ ነገር ዝዋይን ይመስላል። ውሃው ጨዋማ ያልሆነ፣ ጥልቀቱ ትንሽ፣ ዳርቻው በአበባና በአትክልት እርሻ የተከበበ ነው። እዚያ የዳሩ ደንገል እየሳሳ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. የገባው ባዕድ የውሃ እንስሳ ክሬይፊሽ ደግሞ ከውሃው በታች የሚበቅለውን ዕፅዋት ፈጀው። የባስ ምርትም ከፍ ዝቅ ሲል ቆይቶ፣ በኋላ የአጥማጁ ዋና ምርት ጭቃ እየቆፈረ የሚመገበው ካርፕ ሆነ።

በዝዋይም ወደዚያው የሚያመራ ምልክት አለ። አምባዛ፣ ካርፕ፣ የካርፕ ትንሽ ዘመድ የሆነው ካራሲየስና ቀይ ሆድ ያለው ዚሊ የተባለው የቆሮሶ ዘመድ በተፈጥሮ የሐይቁ ዓሦች አልነበሩም፤ ሁሉም በሰው እጅ፣ አንዳንዶቹ ታስቦበት፣ አንዳንዶቹ ሳይታሰብ የገቡ ናቸው። ድሮ ከሐይቁ የሚወጣው ምርት በአብዛኛው ቆሮሶ ነበር። አሁን የአምባዛና የካርፕ ድርሻ እየጨመረ መጥቷል። በመቂና በከታር ወንዞች ጠጠራማ ወለል ላይ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ላይ የሚወጣው ቢልጫም ቀንሷል። ከዝዋይ በቀር በሌላ ቦታ የማይታወቀው የቢልጫ ዘመድማ እምብዛም አይገኝም። አምባዛ የቆሮሶ ጫጩት ይበላል። ኦክስጅን ባነሰበት ውሃም ከላይ አየር እየሳበ ይኖራል። ካርፕም ጭቃውን ሲያገላብጥ የዕፅዋቱን ሥር ይነቅላል። ስለዚህ ዳርቻው በሳሳ ቁጥር የሚጠቀሙት እነዚህ ናቸው። አጥማጁ «ዓሣ አለ፣ ቆሮሶ ግን የለም» ሲል የሚናገረው ትክክለኛ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር እንናገር። ዕፅዋት ጠቃሚ ነው ስንል እምቦጭን ማለታችን አይደለም። እምቦጭ በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ ከታየ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወደ ዝዋይም ደርሷል። እንደ ምንጣፍ ተያይዞ ሲሸፍን ብርሃን ይከለክላል፤ ሲበሰብስም የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ፊላና ሸምበቆ በሥራቸው መሬት ይዘው የሚቆሙ፣ በመካከላቸው ውሃና ዓሣ የሚያሳልፉ ናቸው። እምቦጩን ለማስወገድ ዘመቻ ሲወጣ ፊላው አብሮ እንዳይታጨድ የልማት ሠራተኛው በቦታው ተገኝቶ ሊያሳይ ይገባል።

መረቡ

ከዳር የሚጎተት መረብ ቆሮሶ በሚራባበት ስፍራ ላይ የሚያልፍ መሣሪያ ነው። የታችኛው ገመዱ መሬት እየጠረገ ስለሚሄድ ጎጆውን ያፈርሳል፤ ዕፅዋቱንም ይነቅላል። ዓይኑ ጠባብ ከሆነ ደግሞ አንድም ጊዜ ያልወለደውን ዓሣ ያወጣል። በሐይቁ ውስጥ ተዘርግቶ የሚያድረው መረብ ግን ዓይኑ ሰፊ እስከሆነ ድረስ ትንሹን ያሳልፋል። አጥማጁ ይህን አያውቅም ማለት አይደለም። ዓሣ ሲጎድል ልጆቹን ለማብላት የመረቡን ዓይን ያጠብባል፤ ባጠበበ ቁጥርም የሚቀጥለው ዓመት ይብሳል። በሁዳዴ ጾም የአዲስ አበባ ነጋዴ መኪናውን ይዞ ባቱና መቂ ሲመጣ፣ ዋጋውም ሲወደድ፣ ትንሽ ዓሣ ወደ ውሃው መመለስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ «አታጥምድ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን ሰሚ አያገኝም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሎችም ዝርዝር ደንብ ለማውጣት የሚመሠረቱበት እርሱ ነው። ነገር ግን በየዳርቻው ዘብ ለማቆም የሚችል መሥሪያ ቤት የለም፤ የሚችለው ማኅበሩ ራሱ ነው።

ፓምፑና መርጫው

ለአትክልተኛው የምንለው ደግሞ ይህ ነው። የፓምፑ መምጠጫ ቱቦ በዳሩ፣ ጫጩቱ በተሰበሰበበት ቦታ ይነከራል። ጫፉ ወንፊት ከሌለው ጫጩቱን ከነውሃው ይስባል። ባለዓይነ ጠባብ ሽቦ በቅርጫት መልክ ጠቅልሎ በቱቦው ጫፍ ማሰር፣ ቱቦውንም ከዕፅዋቱ አልፎ ወደ ክፍቱ ውሃ ማራቅ ብዙ ወጪ የለውም፤ ፓምፑም በቆሻሻ አይታነቅም። ይህኛው ምክር አትክልተኛው ወዲያው የሚቀበለው ነው፤ ከዓሣው ይልቅ ለፓምፑ ብሎ ቢያደርገውም ግድ የለንም።

ከሁሉ የሚያሳስበን የጸረ ተባይ መርጫ አጠባ ነው። በመቂ ዙሪያ የቲማቲም ወቅት ማምሻውን በዳርቻው የሄደ ሰው መርጫ በሐይቁ ውስጥ ሲታጠብ ሳያይ አይመለስም። ለቲማቲም ከሚረጩት መድኃኒቶች መካከል በተለይ ፓይሬትሮይድ የሚባሉት ለሰው በአንጻሩ የቀለሉ ቢሆኑም ለዓሣ እጅግ መርዛማ ናቸው፤ ጫጩት በሚገኝበት ጥቂት ጣት ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ደግሞ የሚያቀልላቸው ውሃ የለም። ከሐይቁ የተወሰዱ ዓሦችን የመረመሩ ተመራማሪዎችም የዲዲቲና የዘመዶቹን ቅሪት በዓሦቹ ሥጋ ውስጥ አግኝተዋል። መርጫው ከውሃው ርቆ፣ በማሳው ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ አጠገብ ይታጠብ፤ ባዶ ጠርሙስም ለዓሣ መያዣ ወይም ለመጠጥ ውሃ አይዋል።

አቢጃታን ያየ

ከቡልቡላ ማዶ ያለው አቢጃታ ለኛ እንደ ማስጠንቀቂያ የቆመ ሐይቅ ነው። ቀድሞ ቆሮሶ በብዛት የሚገኝበት፣ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ነጭ ፔሊካኖችም ለምግብ የሚበሩበት ነበር። ከላይ በዝዋይና በወንዞቹ ላይ የሚወሰደው ውሃ ጨመረ፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለሶዳ አሽ ምርት ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ይቀዳ ጀመር። ሐይቁ ከግማሽ በላይ ሸሸ፤ የቀረው ውሃ ጨዋማነት ከመጠን አለፈና ዓሣው ጠፋ። ፔሊካኖቹ ዛሬ ምግባቸውን ፍለጋ እስከ ዝዋይ ይበራሉ፤ በባቱ ወደብ ከአባ ኮዳዎች ጋር ሆነው የዓሣ ትራፊ ሲጠብቁ የምናያቸው ከዚያ የመጡ ናቸው።

ማኅበራቱ አሁን ሊጀምሩት የሚችሉት

የሐይቁን ዳርቻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመጠበቅ ማሰብ ምንም ላለመጀመር ምክንያት ይሆናል። የምንመክረው፣ የአጥማጆችና የአትክልተኞች ማኅበራት በአንድ ቀበሌ ተገናኝተው፣ ሽማግሌ አጥማጆች «ዓሣ የሚወልድበት» ብለው ከሚያውቋቸው ስፍራዎች አንዱን እንዲመርጡና በእንጨት ካስማ እንዲከልሉ ነው። በዚያ ክልል ውስጥ መረብ አይጎተትም፤ ፊላ አይነቀልም፤ ውሃው ሲሸሽም አይታረስም። ይህ የመጨረሻው ከባድ ነው። በተለይ መሬት የሌለው ወጣት ውሃው የተወውን መሬት እንደ ዕድል ያየዋል፤ ስለዚህ ማኅበሩ ሌላ ቦታ ሳያዘጋጅለት ቢከለክለው ክልሉ አንድ ክረምት አያልፍም። ካስማው መተከል ያለበትም ውሃው በጎደለበት በሰኔ ሳይሆን በሞላበት በጥቅምት፣ ውሃው በደረሰበት መጨረሻ ላይ ነው። በሰኔ የተተከለ ካስማ ጥቅምት ላይ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ይገኛል፤ ጫጩቱም ከካስማው ውጭ ይቀራል።

ማጥመድ የሚቀንስበትን ወር ለመምረጥ ቆሮሶ በአብዛኛው የምትወልድበትን ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። በሞቃት ሐይቅ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት መውለዷ አይቀርም፤ ነገር ግን የሚበዛበት ወራት አለ። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። በማራገፊያው ቦታ ፊሌቶ የሚያወጡ ሴቶችና ወጣቶች የእያንዳንዱን ዓሣ ሆድ ይከፍታሉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከተከፈቱት 50 ቆሮሶዎች ስንቱ ሴት እንደሆነ፣ ከሴቶቹም ስንቷ ትልልቅ ቢጫ እንቁላል እንደያዘች ይቆጥሩ። ርዝመቱም ከአፉ ጫፍ እስከ ጅራቱ መጨረሻ በማስመሪያ ይለካ፤ እንቁላል ይዛ የተገኘችው ትንሿ ዓሣ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነች ይጻፍ። የመረቡ ዓይን ስፋት ሊወሰን የሚገባው ከዚህ ቁጥር ነው። በደብተሩ ላይ የውሃው ከፍታም በየሳምንቱ ይመዝገብ፤ ለዚህ በቋሚ ግንድ ወይም በድልድይ ምሰሶ ላይ በቀለም የተሠመረ መለኪያ ይበቃል።

ደብተሩ ዓመት ሲሞላው የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ግልባጩን በባቱ ከተማ ለሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል ያድርስ። ዋናው ደብተር ግን ከማኅበሩ አይውጣ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አጥማጁና አትክልተኛው ሲከራከሩ በጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው እርሱ ነው።